ሐያትን ወደ እናቷ የወሰድኩበት ዕረፍት

ሰኞ ማለዳ፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ገና አልነጋም። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ሻንጣ፣ ፍራሽ፣ ጄሪካን፣ የታሰሩ ዶሮዎች ይቀበላል። ተጓዦቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሐያት እና የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ያሲን። ባለቤቴ ሙሐመድ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ስላላገኘ ዕቃችንን አስጭኖ በመስኮት ተሰናበተን።

መምህርት ነኝ። የእኔና የልጆቹ ዕረፍት የሚገጥመው ከዓመቱ እኩሌታ ፈተና በኋላ ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ላንጋኖ ሄደን ሁለት ሌሊት አድረን እንመለሳለን። ዘንድሮ ግን ሐያት ራት ላይ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «ላንጋኖ አልሄድም። ጋምቤላ ሄደን እናቴን እንፈልጋት» አለች። ሙሐመድ አየኝ። እኔ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ። በሳምንቱ ትኬት ቆረጥን።

ሐያት የታላቅ እህቴ የዘይነባ ልጅ ናት። በድርቁ ዘመን ዘይነባና ባሏ ከወሎ ተጭነው ጋምቤላ ሲሰፍሩ ሐያት አራት ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ባሏንና ጨቅላ ወንድ ልጇን ወሰደባት። በዓመቱ አንድ የእህል መኪና ሾፌር ከስታ አጥንቷ የቀረ ልጅ አቅፎ በሬን አንኳኳ። የእህቴ መልእክት አጭር ነበር፦ እስክትጠነክር ያዢልኝ። ልጅቷ ጠነከረች። እኔም ያዝኳት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ያሲን የዎክማኑን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሐያት መስኮቱን ይዛ፣ ግቤ በረሃ ወርደን እስክንወጣ ድረስ፣ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ማታ ጅማ አደርን።

ማክሰኞ፣ መቱ

ከበደሌ በኋላ መንገዱ ደን ውስጥ ይገባል። ቀይ አቧራ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች፣ በየጥጉ ማር በጣሳ የያዙ ሴቶች። ምሳ ሽሮ በላን። ያሲን ላንጋኖ ቢሆን ኖሮ አሁን እየዋኘ እንደነበር አጉረመረመ። ሐያት የእሱን ማዳመጫ አንዱን ጆሮ ተቀብላ እስከ መቱ ድረስ አብረው ሰሙ።

እዚህ ላይ ለአንባቢ የምናገረው አለኝ። ለሐያት የነገርኳት እናቷ ጋምቤላ መስፈሯን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የት እንዳለች አላውቅም ብያታለሁ። ይህ ውሸት ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ዘይነባ በሰው እጅ ያስጻፈችው ደብዳቤ በትምህርት ቤቴ አድራሻ ደርሶኛል። የመንደሩ ስም በግልጽ ተጽፎበታል። ያን ጊዜ ሐያት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እማዬ ትለኝ ነበር። ደብዳቤውን አጥፌ በቁርኣኔ ሽፋን ውስጥ ደበቅሁት። ለሙሐመድም አላሳየሁትም። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለምን እንደያዝኩት መቱ ሆቴል አልጋ ላይ ተጋድሜ ራሴን ጠየቅሁ።

ረቡዕ፣ ጋምቤላ ከተማ

ጎሬን በብርድ አለፍነው። ከቡሬ በታች መንገዱ ቁልቁል ሲጀምር ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን፣ «ሹራባችሁን አውልቁ፤ ክልል አሥራ ሁለት ገባን» አለ። አዲሱ መንግሥት ክልሎቹን በቁጥር ሲጠራ በነበረበት ጊዜ የለመደው ስም ነው። ቀርከሃው አለቀ፣ ሣሩ ረዘመ፣ ከመስኮቱ የሚገባው አየር እንደ ምድጃ ወላፈን ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ገባን። የባሮን ድልድይ ሰው በእግሩ ይሻገራል፤ ሴቶች በጭንቅላታቸው ዓሣና ማገዶ ተሸክመው ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። ቀድሞ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት የነበረው ግንብ አዲስ ቀለም ተቀብቶ የክልል ቢሮ ሆኗል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመን ልጆች በቋንቋቸው ሲቆጥሩ ሰማን። ያሲን ማዳመጫውን አወለቀ፤ ከተነሳን ጀምሮ ሳልነግረው ሲያወልቀው የመጀመሪያው ነው።

ገበያው ጥግ ሱቅ ያላቸው ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ የወሎ ሰው አገኘን። የእህቴን ስም ስነግራቸው ሳይጨነቁ መለሱልኝ። ሰሊጧን በየዓመቱ የሚገዟት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ፑኝዶ የሚሄድ ፒክአፕ እንዳለ፣ በአቦቦ በኩል መንደሯ ደጃፍ እንደሚያደርሰን ነገሩን። ሐያት ከሱቁ ስንወጣ፣ «እንዲህ ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልፈለግናትም?» አለችኝ። መንገዱ ሩቅ ነው አልኳት። ሁላችንም የወባ መከላከያ ክሎሮኪን ዋጥን፤ አጎበር ውስጥ ገባን።

ሐሙስ፣ የሰፋሪዎች መንደር

የፒክአፑ ሾፌር ኦሞድ የአኙዋ ሰው ነው። ጨውና ሳሙና ጭኖ፣ እኛን ከፊት አስቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ይነዳል። አማርኛው አጭር አጭር ነው። ሰፋሪዎቹ ሲመጡ እሱ ያሲንን ያህል እንደነበር፣ የአባቱ የአደን ጫካ በትራክተር እንደተመነጠረ ነገረን። ሐያት ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። እሱ ግን ቀጠለ፤

«እኛ አልጠራናቸውም። እነሱም ራሳቸው አልመጡም። ዘይነባ አውቃለሁ። መንግሥት ሲቀየር ሰው ሁሉ ሰው ፈራ። እሷ የኔ እናት ቤት ሦስት ቀን ተደበቀች። እናቴ በሩ ላይ ተኛች።»

መንደሩ ግማሹ ባዶ ነው። በመስመር የተሠሩት ጎጆዎች ብዙዎቹ ጣሪያቸው ወድቋል፤ ባለቤቶቻቸው በለውጡ ሰሞን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ኦሞድ ማንጎ ዛፍ ያለበት ደጃፍ አቆመን። አንዲት ቀጭን ሴት ማሽላ እያበራየች ነበር። አንገቷን አይቼ አወቅኋት። እሷ እኔን አላየችኝም፤ የምታየው ሐያትን ነው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች፤ ከዚያ መዳፏን ከወገቧ ትንሽ ዝቅ አድርጋ አየር ላይ ዘረጋችው። ልጅቷ ከእጇ ስትወጣ የነበራት ቁመት ነው።

ሐያት መንገዱን ሁሉ ስታስብበት የመጣችው ንግግር ጠፋት። ለሠፈር ትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ «እንደምን አሉ?» አለቻት። እህቴም ግራ ገብቷት፣ «አልሐምዱሊላህ፤ እርስዎስ?» ብላ የወለደቻትን አንቱ አለቻት። ከዚያ ነው የተቃቀፉት።

የማሽላ ቂጣና የዓሣ ወጥ አቀረበችልን። ስለ ዘመድ ጠየቀች፣ ስለ ሙሐመድ ጠየቀች፣ ያሲን ማንን እንደሚመስል ተናገረች። ከዚያ ውኃ እያፈሰሰችልኝ፣ ዝቅ ባለ ድምጽ፣ «ደብዳቤዬ ደርሶሽ ነበር ወይ?» አለችኝ።

ፖስታ ቤቱን ማማካኘት ቀላል ነበር። ጦርነት ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር ብል ማንም አይጠይቀኝም። ሐያት ቂጣ እንደያዘች ቀና አለች።

«ደርሶኛል፣ እታለም» አልኳት። «አራት ዓመት ሆነው።»

ሐያት ቂጣውን አስቀምጣ ወጣች። ያሲን ከዚያ ቀን በፊት በማላውቀው ዓይን አየኝና ተከተላት። እህቴ የውኃውን ጣሳ አስቀመጠች። ጎረቤቶቿ በመኪና ተጭነው ወደ ወሎ ሲመለሱ እሷ ለምን እንደቀረች ነገረችኝ። ደብዳቤው ላይ ያስጻፈችው ይህን መንደር ነው፤ መልሱ ሲመጣ እንዳያጣት ብላ ነው የቀረችው።

«አንዳንድ ቀን ልጄ ሞታለች እላለሁ» አለችኝ። «አንዳንድ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ ናት እላለሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። «ልጄን አሳድገሻል» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐያት ተመልሳ ፊቴ ቆመችና ደብዳቤውን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ማንጎው ሥር ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበችላት። ዘይነባ ፊደል ስላልቆጠረች፣ የራሷን ቃል ካስጻፈች ወዲህ ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ ስታነብ እናቲቱ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ፣ እዚያው

ሐያት አታናግረኝም። አትቆጣም፣ ፊቷን አታዞርም፤ እንደሌለሁ ታልፈኛለች። ሌሊት ከእናቷ ጋር ቁርበት ላይ ትተኛለች፣ ቀን ከእሷ ጋር ማሽላ ታበጥራለች፤ እጇ ውኃ ቋጥሯል። መልእክት የሚያመላልሰው ያሲን ነው፤ እማዬ ሳሙናው የት ነው ትላለች ሐያት፣ ይለኛል። እኔ ደግሞ ኮፍያ አድርጊ በላት እለዋለሁ።

ጠዋት ዘይነባ ወደ መቃብሩ ወሰደችን። ከመንደሩ ጀርባ፣ እሾህ የታጠረ ቦታ፣ አንድ ረጅምና አንድ አጭር የድንጋይ ክምር። ሐያት የወንድሟን ስም ጠየቀች። ሰዒድ ነው አለቻት። ሐያት ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመችው። ያሲን አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ሳላስበው እጄን ያዘኝ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ከውኃ ጉድጓዱ ልንመለስ ስንል እህቴ የሞላ ጄሪካን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ሐያት ሮጣ፣ «ተይው፣ አንቺ አታንሺው! እኔ አለሁ» አለቻት። እህቴ እንደጎነበሰች ቀረች። አንቱ ቀርቶ አንቺ መባሏን ሰምታለች። ሐያት ግን ምን እንዳለች ሳታውቅ ጄሪካኑን ተሸክማ ሄደች። ዘይነባ ቀና ስትል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ስቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምፈራው ይህችን ደቂቃ ነበር፤ ስትመጣ ግን የተሰማኝ ቅናት አልነበረም። ከእህቴ ስንት እንዲህ ያለ ቀን እንደወሰድኩባት ነው ያሰብኩት።

ሰኞ፣ መሰናበት

ሐያት ትቀራለች ብዬ ሌሊቱን በሙሉ ስዘጋጅ አደርኩ። ትምህርቷን እንዴት እንደምታዛውር፣ ልብሷን በማን እንደምልክላት አሰብኩ። ጠዋት ከእናቷ ጋር ለብቻቸው ብዙ አወሩ። የተናገሩትን እህቴ ነው የነገረችኝ። ልጅቷ እቀራለሁ ብላለች። እናቲቱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርብ የለም፣ ፈተናሽን ጨርሺ፣ አሁን መንገዱን አውቀሽዋል ብላታለች።

ኦሞድ መጣ። ሐያት ክረምት ላይ እንደምትመለስ ነገረችው። ክረምት መንገዱ ጭቃ ነው አላት፤ «ግን እኔ አለሁ» አለ። ዘይነባ መኪናው ሲነሳ አላለቀሰችም። ወደ አውድማዋ ተመልሳ ሰፌዷን አነሳች። ሐያት መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ዞራ ታያት ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ

በመመለሻው ሐያት የተቀመጠችው ከያሲን ጋር ነው። እኔ ከኋላቸው ሆኜ የሁለቱን ማጅራት እያየሁ ሦስት ቀን ተጓዝኩ። ወሊሶን ስናልፍ ያሲን በሹክሹክታ አንድ ነገር ብሏት ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር።

ሙሐመድ በሩን ከፈተልን። ስለ ደብዳቤው ጋምቤላ ላይ ስልክ ቤት ተሰልፌ ነግሬው ስለነበር ፊቴን አላየም፤ ቦርሳችንን ተቀበለ። ሐያት ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እናትሽ እንዴት ናት ብሎ ጠየቃት።

«እናቴ ደህና ናት» አለችው። «ክረምት እመለሳለሁ ብያታለሁ።» ከዚያ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ «አክስቴም አብራኝ ትመጣለች» አለች።

ሙሐመድ ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። ያሲን ወደ እህቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። እዚያ ቤት ውስጥ በዚህ ስም ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ስሜ ግን ነበር።

«አዎ» አልኩ፤ «እመጣለሁ።»