ሳይታጠብ የተላከው ሸሚዝ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም እንደ እኔ የሚያልበው ወንድ አልተፈጠረም። ጤፍ ሳበራይ በሬዎቹ ላቤን ጠጥተው ይውሉ ነበር ብል ማጋነን አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ነው።

አገር የለቀቅሁ ዕለት፣ ገና ሲነጋጋ፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ማስተዋል የደቦ ሸሚዜን ታቅፋ ተኝታለች። መቀስቀሱን አልደፈርሁም። ሸሚዙን ተውሁላትና አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ደምበጫን እስክናልፍ ወደ ኋላ ስዞር አንገቴ ተጣሞ ሊቀር ነበር።

ፊንላንድ ስገባ ግን ላቤ ጠፋ! እኛ ዘንድ ላብ ማዕረግ አለው፤ መጀመሪያ ግንባር ይወዛል፣ ከዚያ ችፍ ይላል፣ ከዚያ ይንቆረቆራል፣ በመጨረሻ ያጠምቃል። እነዚህ ፊንላንዶች ሁሉንም በአንድ ቃል «ሂኪ» ብለው ተገላግለዋል፤ ለእኔ እሷም አልደረሰችኝ። ዓሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሣጥን ስደረድር ውዬ ብብቴ እንደ የካቲት ማሳ ደረቅ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ጥሩዓለም ደወለች።

«እህቴ ሳታውቅ ሸሚዝህን አጠበችው። ልጅቱ ‹ሸሚዙ አባዬ አባዬ አይሸትም› ብላ እንቅልፍ እምቢ አለች። እሑድ ከአንተ ዘንድ የሚመጣ የቡሬ ሰው አለ አሉ፤ የለበስኸውን ስደድላት። አደራ፣ ሳይታጠብ!»

የለበስሁትን አሸተትሁት። ሳሙናና ዓሣ። ልጄ የዓሣ ልጅ ነኝ ብላ ልታድግ ነው!

ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። «ላብ አመንጪ ዕጢዎቼ ሞተዋል» አልኋት ነርሷን።

«ደህና ናቸው። አገሩ ስለሚበርድ አርፈው ነው።»

«እነሱም እንደ እኔ የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቁ ነዋ!»

አልሳቀችም። ጻፈችው።

ቅዳሜ ሽማግሌው አከራዬ ሳውና ጋበዘኝ፤ እንደ ምድጃ የምትግል የእንጨት ክፍል ናት። ሸሚዜን ለብሼ ገባሁ።

«አውልቅ እንጂ! እዚህ ሰው ራቁቱን ነው የሚገባው።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ የመጣሁት ለሸሚዙ ነው።»

የልጄን ነገር ነገርሁት። ከዚያ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ደፋ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ግንባሬ ወዛ፣ ችፍ አለ፣ ተንቆረቆረ፣ አጠመቀኝ! እልል ልል ስል በሩን በርግዶ «ና፣ በረዶው ላይ እንንከባለል!» አለኝ።

«እያላበኝ? ምች ሊመታኝ! እዚህ ዳማከሴ ማን ጨምቆ ያጠጣኛል?»

ጋቢዬን ተከናንቤ ጥግ ያዝሁ። እሱ እየሳቀ ብቻውን ወጣ።

ሸሚዙ ደርቆ ተላከ። በሳምንቱ ጥሩዓለም ደወለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራ።

«አፍንጫዋን ቀብራ ተኝታለች። ‹አባዬ መጣ› አለች።» ቀጥላም፣ «አባቴ እኮ ለአንተ የሰጠኝ በዚያ በደቦ ላብህ ነው። ‹እንዲህ የሚያልበው ልጄን አያስርባትም› ብሎ። መቼ ነው የምትመጣ?»

«የሥራ ሰዓት ደረሰ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ለመምጫዬ ዛሬም መልስ የለኝም። ለላቡ ግን አለኝ፤ ጥሩዓለምም ከዚሁ ታንብበው። የላክሁት ሸሚዝ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ የለችበትም፤ ሁሉም ላብ ነው። ያን ጊዜ በደቦው ግን ሰው ሲያበራይ እኔ ዛፍ ሥር ተኝቼ እውልና፣ አባትሽ ወደ አውድማው ሲመጡ ሳይ ሸሚዜን ምንጭ ውስጥ ነክሬ ለብሼ እቀርብ ነበር።