የጨው ደሴት ተወካይ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው እኔን ብቻ አልነበረም። ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው የቀበሌ ግቢያችን፣ ገና ሲመሻሽ አምፖሉ ድርግም ሲል እናቶች ያማርራሉ፣ እኛ ልጆች ደግሞ ወደ ጋሽ ታደለ በር እንሮጣለን። ጋሽ ታደለ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ ቴሌቪዥን እያለ ተረት የሚሰማ ልጅ የለም ብለው ስለሚያምኑ የሚያወሩልን መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ያኔ ፋኖሳቸውን ለኩሰው የከሰል ምድጃውን ወደ ደጃፍ ያወጡታል፤ እኛም የሚጠበሰው በቆሎ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ለፍሙ ማን ይቅረብ በሚል እንገፋፋለን።

ተረታቸው እንደ ሌላ ሰው ተረት አንበሳና ጦጣ የለበትም። ትልልቆቹ ቅኝ ገዢዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ማንም ሐሳባቸውን ያልጠየቃቸው አምስት ትንንሽ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ፣ ይሉናል። ትልልቅ ጎረቤቶቻቸው «እናንተማ ብቻችሁን አንድ ሳምንት አትቆዩም፣ ወደኛ ግቡ» ሲሏቸው፣ አምስቱ ተመካክረው የራሳቸውን ኅብረት አቋቋሙ። ዋና ከተማው እኔ ጋ ይሁን፣ እኔ ጋ ይሁን ሲባባሉ ባለመስማማታቸው መርከብ ላይ አደረጉት። ሕጋቸው ደግሞ አንድ ነው፤ አንዷ ከቀረች ስብሰባ የለም። ጋሽ ታደለ ግዛቶቹን ለአምስታችን አደሉን። ለባለሱቁ ልጅ ለሰሚራ የዝንጅብል ወደብ ደረሳት። እኔ ከሁሉም ታናሽ ስለነበርኩ የደረሰችኝ ትንሿ የጨው ደሴት ናት። ታሪኩ አንድ ችግር ላይ ሲደርስ «እህ፣ ክቡራን ተወካዮች፣ ምን ይወሰን?» ይሉናል፤ እኛ ያልነው ይሆናል። በቃ፣ ያቺ ደሴት ለኔ ልክ እንደ ቡልጋሪያ ሰፈር በእውን ያለች ቦታ ነበረች።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መምህራችን ከቅኝ ግዛት ወጥተው የተዋሐዱ አገሮችን የሚያውቅ አለ ወይ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ተነስቼ፣ ኮራ ብዬ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። መርከቡ ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረና «ደሴቷ» ተባልኩ። ከሳቁ በላይ የቆረቆረኝ ግን ሌላ ነው። ከጋሽ ታደለ አብልጬ የማምነው ትልቅ ሰው አልነበረኝም፤ ለካ የነገሩኝ ሁሉ ውሸት ነው። ሁለተኛ እዚያ በር አልደርስም ብዬ ማልኩ።

በሳምንቱ መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። አብራኝ የምትማረው ሰሚራ መጥታ ጎተተችኝ። «ነይ እንጂ፣ ጋሼ እምቢ አሉ እኮ! አንዷ ከቀረች ስብሰባ የለም ይላሉ» አለች። «ውሸት ነው፣ ምን አገባኝ» አልኳት። ልጆቹ በቆሏቸውን በልተው ያለ ተረት ተበተኑ። በሚቀጥለውም ጊዜ እንደዚያው ሆነ፤ ግቢው ውስጥ የሚያናግረኝ ልጅ ጠፋ።

በሦስተኛው ጊዜ ጋሽ ታደለ ራሳቸው ፋኖሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። እናቴ ደንግጣ ብድግ አለች። «ውይ ጋሼ፣ ምን አድርጋ ነው?»

«እሷ ምንም አላደረገችም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ሰሚራ ነገረችኝ። ‹ቢሆን ኖሮ› ማለት ሲገባኝ፣ በእርግጥ እንደ ሆነ አድርጌ ነገርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ በሕግ ጋሼ፣ ለሕፃን እንዲህ ይባላል?» አለች እናቴ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ መልሴን እየጠበቁ ነበር። ለትልቅ ሰው ይቅርታ ምን እንደሚመለስ ማንም አላስተማረኝም። ሲጨንቀኝ «ታዲያ ለምን ሳይሆን ቀረ?» አልኳቸው። ጋሽ ታደለ ፊታቸው በራ። «እሱንማ ለማውራት ብዙ ቀን መብራት መጥፋት አለበት» አሉ። ጫማዬን ፍለጋ አልጋ ስር ገባሁ።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሷል፤ ተወካዮቹም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። መርከቡ ላይ ከወሰንነው ውስጥ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። የቀረኝ የዚያ ሽማግሌ አቋቋም ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትልልቅ ሰው አየሁ፤ ልጅ ደጃፍ ድረስ ሄዶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለ ግን ሌላ አላጋጠመኝም፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እኔንም ጨምሮ። ባለፈው ልጄን ባላጠፋችው ጮህኩባት። እራት ላይ ሥጋ ላብዛላትና ይለፍ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሄጄ በሯን አንኳኳሁ፣ ቆሜም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ትንሽ አየችኝና «እማ፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ።