ስልኩ በትከሻና በጆሮ መሃል

ከኖፓ ወጣ ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሳለሁ፣ እንደ ኔትወርክ ሰዎች ደሜን የሚያፈላው አልነበረም። በመኪና ይመጣሉ፣ የግቢው በር ላይ ቆመው መሣሪያቸውን ያያሉ፣ «ሲስተር፣ ኔትወርኩ እኮ ሙሉ ነው» ብለውኝ ይሄዳሉ። ወይ አለማፈር! በር ላይ ማን ይወልዳል?

የማዋለጃ ክፍሌ ከቡናው ጫካ ጥግ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበር። ስልኬ እዚያ ውስጥ ከድንጋይ አይሻልም። ከመቱ አምቡላንስ ለመጥራት ወላዷን ትቼ ዳገቱን እስከ ግቢው በር መሮጥ ነበረብኝ። አንዴ ብቻዬን ተረኛ ሆኜ፣ ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ያላትን ሴት ሆዷን ጫን ብዬ ይዣለሁ። ልነሳ ስል «ና ሂንዲሲን» አለችኝ፤ አትተይኝ ማለቷ ነው። ትቻት ሮጥኩ። ተመልሼ ስመጣ በሕይወት አለች፤ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ተርፋ ቤቷ ገባች፣ እኔን ግን ያ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ከኔትወርክ ሰዎቹ አንድ ቀጭን ሰውዬ መጣ። «አውቃለሁ፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ደህና ግባ» ብዬ ከበሩ ልሸኘው ስል፣ «ሲስተር፣ ሲደውሉ የት ነው የሚሆኑት?» አለኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወደ ክፍሉ አስገባሁት።

ያን ሁሉ መሣሪያውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና «የእርስዎን ስልክ ይስጡኝ» አለ። ጀርባውን በፕላስተር ያጣበቅኩትን ስልክ! አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ እጆቼን ሥራ ላይ እንዳለሁ እንዳደርግ ለመነኝ። እጄ ሲያዝ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል እንደማጣብቅ አየ። እሱም አንገቱን እንደኔው አጣሞ ተቀመጠ። ደወለ፣ ተቋረጠ፣ ጻፈ። በሩን ዘጋ፣ ደወለ፣ ጻፈ። ታወሩ የሚልከውን ሳይሆን ለእኔ ስልክ የሚደርሰውን ነበር የሚለካው።

«ጨረስክ?» ስለው፣ «ዝናብ ልጠብቅ፤ እርጥብ ቅጠል ኔትወርኩን ይከለክላል» አለኝ። ሳቅኩበት። በእኛ አገር ዝናብ ይጠበቃል እንዴ! ሻዩን ሳይጨርስ ዶፉን ጣሪያው ላይ አወረደው። ተነሥቶ እንደገና ከሀ ጀመረ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይሏል እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ምን ልዋሽ፣ ወደድኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደወለልኝ። የታወሩን አንዱን አንቴና ወደ እኛ እንዳዞሩት ነገረኝና፣ «አደራ ሲስተር፣ ውጭ ቆመው እንዳይሞክሩት» አለ።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሌላ ወላድ ደም አልቆም አላት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ በሩ ዝግ ነው። ቀኝ እጄን ከሆዷ ሳላነሳ በግራዬ ቁጥሩን ነካሁና ስልኩን በትከሻዬ አጣበቅኩት። ከመቱ «አቤት» የሚል ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። እሰይ!

እሷ ግን መሄዴ መስሏት ጋውኔን ጨመደደችው። «ና ሂንዲሲን» አለችኝ።

«የት እሄዳለሁ?» አልኳት። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ እጄን አላነሳሁም።