ሰናይት ያየችልኝ

ባለፈው ሳምንት ልጄ በምትማርበት ክፍል የወላጆች የስልክ ቡድን ውስጥ ሁለት እናቶች በአንድ የልደት ግብዣ ሰበብ ተጣሉና ነገሩ ወደ ስድብ ተለወጠ። ቡድኑን የከፈተችው ሴት በጀርመንኛ፣ «ብቻዬን አልቻልኩም፤ በተራ የሚያግዘኝ አለ?» ብላ ጻፈች። ትራም ውስጥ ቆሜ ሳነበው መውረጃዬ አለፈኝ። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ተራ ገብቼ ነበር።

ያኔ ስዊዘርላንድ፣ ዜባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር። የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና መልስ አላገኘም፤ ጠዋት ቋንቋ እማራለሁ፣ ማታ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ስዊዘርላንድ ያለን አበሾች የምንገናኝበት አንድ ቡድን ኢንተርኔት ላይ ነበረን። ቤት የሚፈልገው፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣለት ደብዳቤ ያልገባው፣ በርበሬ የሚያስመጣው ሁሉ እዚያ ይጽፋል። ቡድኑን ሦስት ሆነን በተራ እንጠብቀው ነበር። ጠዋት ሰናይት ናት፤ ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር የምትኖር፣ አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ጴንጤ እህት። ከሰዓት እኔ፣ ማታ ደግሞ ኡስተር በምትባል ከተማ የሚኖረው፣ የቀለም ቀቢነት ሙያ የሚማረው ኑረዲን። በአካል ተያይተን አናውቅም። አጭበርባሪ እናስወጣለን፣ የተጣሉትን ለየብቻ እናነጋግራለን፤ አንዳችን አንድ ነገር ካጠፋን ለምን እንዳጠፋን ለሁለቱ እንነግራለን።

አገር ቤት ውጊያ ሲጀመር ቡድኑም ተከፈለ። መጀመሪያ ስድቡ መጣ፤ ከዚያ ሬሳ የሚያሳይ ቪዲዮ። ለማጥፋት ደግሞ ማየት የግድ ነው። ኑረዲን ምግብ አልበላ አለው። አንድ ቀን ደውሎ፣ የየአካባቢያችን ቪዲዮ ሲመጣ ሌላው ይይልን አለ። የእኔ ከተማ ሲሆን እነሱ ሊያዩልኝ፣ የእነሱ ሲሆን እኔ ላይላቸው ተስማማን። ሸክሙ የቀለለን መስሎን ነበር።

መከር ላይ አገር ቤት የከተማችን ስልክ ተቋረጠ። እህቴ ፅጌ እዚያ ገበያው ዳር ልብስ ትሰፋ ነበር። አባቴ ገጠር ስለነበር ለእሱ አልሰጋሁም። አንድ ቅዳሜ ተራዬን ስይዝ አባላቱ ሲጮሁ አገኘሁ። የገበያውን ቪዲዮ ማን አጠፋው፣ ሙታናችንን ለምን ይደብቁብናል ይላሉ። የከተማዬን ስም አነበብኩ። ያጠፋችው ሰናይት ነበረች።

ደወልኩላት። ላኪልኝ አልኳት፤ ለመንኳት፤ ጮኽኩባት።

«የተስማማነው እኮ ለዚህ ቀን ነው» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ እሷ ባቡር ተሳፈርኩ። የበርንን ከተማ ጉም ውጧት ነበር። ከሎዛን ወዲያ ጉሙ ተገፎ ሐይቁ ብልጭ አለ፤ የወይኑ ተዳፋት ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እንዲያ ማማሩ አናደደኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጄኔቫ ደረስኩ።

በሩን የከፈተችልኝ፣ በድምፅ ብቻ የማውቃት ሴት፣ ካሰብኳት በላይ አጭርና ቀጭን ነበረች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ወጥ ቤቷ አስገብታ ሾርባ አቀረበችልኝ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። በሁለት እጇ አነሳችኝና፣ «አንተ መልኳን ንገረኝ፤ እህትህን እኔ ልፈልጋት» አለች።

ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ስልኳ ላይ የቀረውን ቪዲዮ ከፍታ ድምፁን አጠፋች። እኔ ፊት ለፊቷ ሆኜ የማየው ፊቷን ብቻ ነው። የፅጌን ቁመት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ጠይም ናት፣ ሹሩባ ትሠራለች፣ ሰዓት የምታስረው በቀኝ እጇ ነው አልኩ። አንድ ቦታ ላይ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ሹሩባ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

ወደ መጀመሪያው መለሰችና እንደገና አየች። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ፅጌ እዚህ ውስጥ የለችም» አለች። ቪዲዮውን አጥፍታ ተነሳች፤ ቧንቧውን ከፍታ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። እኔ የቀዘቀዘውን ሾርባ ጠጣሁ። በዚያ ሰዓት መራቤ ዛሬም ይገርመኛል።

ስመለስ ግን ማመን አቃተኝ። አዝናልኝ ዋሽታኝ ቢሆንስ? ክረምቱን በሙሉ፣ በረዶው ሲወርድ፣ ሳህን ሳጥብ፣ የጀርመንኛ ግስ ሳረባ፣ እህቴን አንድ ቀን እቀብራታለሁ፣ አንድ ቀን አስነሳታለሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ ስልክ ተከፈተ። የፅጌን ድምፅ ሰማሁ። ታጣቂዎች ገበያው ከመግባታቸው አንድ ቀን በፊት ሸሽታ ገጠር ለገጠር ስትንከራተት ከርማ ነበር። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ አባቴን አገናኚኝ አልኳት። ያን ቀን እሷን ሊያወጣት ወደ ከተማ መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። ሱቋ ዝግ ሆኖበት ገበያው መሐል ስለ እሷ ሲጠይቅ ነው ደርሰው የገደሉት። የላክሁለትን ሰማያዊ የብርድ ካፖርት ለብሶ ነበር።

ለሰናይት ደወልኩላት። ስለ ካፖርቱ ነገርኳት።

«አይቻቸዋለሁ» አለች። «አባትህ መሆናቸውን በምን ልወቅ? ብቻቸውን አልነበሩም። አንድ ልጅ እጃቸውን ይዞ ነበር።»

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቡድኑን ተወች። እኔና ኑረዲን ጥቂት ገፍተን ለሌሎች አስረከብን።

ሰናይት አሁንም ጄኔቫ ናት። በየዓመቱ ያ ወር ሲመጣ ትደውላለች፤ ስትጸልይ አባቴን በስሙ ትጠራዋለች። ሥራውን ለሦስት እኩል ተካፍለነው ነበር፤ ማንም ማንንም አልበደለም። ግን የአባቴ የመጨረሻ ሰዓት እኔ ዘንድ የለም። ያለው በሕይወት ሳለ አግኝታው የማታውቅ አንዲት ሴት ዓይን ውስጥ ነው። የእኔ ሐዘን ነው፤ የምታየው ግን እሷ ናት። ያ ልጅ በእርግጥ እጁን ይዞት እንደነበር እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።