ዴኩና የበቅሎዋ ሙሾ

ሰው ሁሉ «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላል። አክስቴ ግን «አሟሟቱስ የእግዜር ነው፤ ከሞቱ ለቅሶው» ትል ነበር። ከብልባላ እስከ ላሊበላ ድረስ እንደ እሷ ያለ አልቃሽ አልነበረም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ እሷ ትጠራለች፤ አንዳንዴም ተራው ይገለበጣል። እንባ የነጠፈበት ለቅሶ ቤት ገብታ ጥቂት ስንኝ ስትደረድር፣ ሟቹን በቁሙ ሰላም ብሎት የማያውቅ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ይንከባለላል። እሷ ራሷ የምትፈራው ታዲያ ሞትን አልነበረም፤ የማይረባ ለቅሶን ነው። ልጅ አልወለደችም። ያላት እኔ ብቻ ነኝ፤ እናቴ ስትሞት እህቷ ናትና ወስዳ አሳደገችኝ። እኔ ደግሞ ድምፄ ማጠፊያው የዛገ በር ነው። «እኔ ስሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው? እነዚያ የኔኑ ስንኝ ወስደው የሚያበላሹት?» ትላለች። ይህን ስትል ቀልድ የለባትም፤ የምሯን ትፈራ ነበር።

እኔ ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥንና የሳተላይት ሳህን እጠግናለሁ። እንግዳ የራቀው አንድ ሆቴል ሊዘጋ ሲል ባለቤቱ አስጠራኝና ከዕቃ ክፍሉ ጥግ አንድ ዴክ አውጥቶ «አይጥ ከሚበላው አንተ ውሰደው» አለኝ። ተራ ማጫወቻ አልነበረም፤ ባዶ ሲዲ ላይ ድምፅ የሚቀዳ፣ የቀዳውንም መልሶ የሚያጫውት የቤት ዴክ ነው። ስልክና ፍላሽ በሞላበት ዘመን ማን ይፈልገዋል ብዬ ነበር፤ ያም ሆኖ ከነድምፅ ማጉያው፣ ከነማይኩና ከጥቂት ባዶ ሲዲዎች ጋር ስለተሰጠኝ ቤት ወስጄ ልፈትሸው አልኩ።

የእኔ ፍተሻ የታወቀ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል ወይ፣ ሲዲው ይዘላል ወይ፣ ሲቀዳ ሹክሹክታ ያስገባል ወይ። የሲዲው መሳቢያ ሲወጣ ያቃስታል እንጂ ይወጣል። ድምፅ ሲገባ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መብራቶች ይደረደራሉ፤ ድምፁ ከበዛ ቀዩ ይበራል። አንድ ጠባይ ደግሞ አለው። ሲዲው ላይ አንዴ የተቀዳ አይጠፋም፤ ቦታ እስካለ ግን ሌላ ይጨመርበታል። ጨረስኩ ስትለው «ይዘጋ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ካልከው ያ ሲዲ ከዚያ ወዲያ ምንም አይቀበልም። ይህን ሁሉ ሳስረዳት አክስቴ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ሲያልቅልኝ «ያስለቅሳል?» አለችኝ።

«እንዴት ማለት?»

«የሰው እንባ ያወጣል ወይ ነው የምልህ። ሌላውን ለራስህ ያዘው።»

ሐሳቧ ወዲያው ገባኝ። ራሷን በቁሟ አልቅሳ ልታስቀምጥ ነው። በስልክ መቅዳትማ ቀድሞ ተሞክሮ ነበር። ያኔ ለራሷ ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠርግ ስልኩ ጮኸና አንድ ደንበኛዬ ሳህኑን ንፋስ እንደጣለበት ነገረኝ። «የኔ ለቅሶ ላይ የሰው ሳህን ይወድቃል?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚባል ነገር አታምንም። በዚያ ላይ የስልክ ድምፅ ትንኝ ነው ትላለች፤ በትንኝ ማን አለቀሰ?

እንግዲህ መፈተሻ የሚሆን ለቅሶ አስፈለገ። እዚህ ላይ ተቸገርን። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። የሞተውን ደግሞ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ ለሙከራ አያለቅሱትም፤ «የሰው ሐዘን እንደ ወንፊት አይዋስም» አለችኝ። ስናወጣ ስናወርድ የጎረቤታችን በቅሎ ትዝ አለችን። ያቺ በቅሎ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሳለም ሰው ስታመላልስ ኖራ በዚያ ሰሞን ከገደል ወድቃ ሞታ ነበር። ሄጄ ለጎረቤቴ ጉዳዩን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ጋቢውን አስተካከለና «እትዬ ራሳቸው ናቸው የሚያለቅሱላት?» አለ። አዎ ስለው «እንግዲያው ለሷም ክብር ነው» ብሎ ተከተለኝ።

አልቃሽ ስንኝ ከማውጣቷ በፊት የሟቹን ነገር ከዘመድ ትጠይቃለች፤ ወጉ ነው። አክስቴም ጎረቤታችንን ከፊቷ አስቀምጣ ጠየቀችው።

«ትውልዷ ከወዴት ነው?»

«እናቷ የሙጃ ባዝራ ነበረች። አባቷን በውል አላውቀውም። መቼም አህያ ነው።»

«በአባቷ በኩል አልገባም። ጠባይዋስ?»

«ትራገጥ ነበር፤ እርስዎን አልዋሽም። ግን ጭነት አትመርጥም። ገብስም ይሁን ወፍራም ፈረንጅ ለሷ አንድ ነው።» ቀጥሎ «ሰው አድርሳ ማታ ብቻዋን ነበር የምትመለስ። መንገዱን ታውቀዋለች» አለ።

አክስቴ ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። መቅጃውን ጫንኩት። እንዲህ አለች፦

*ጭነቱን ሳትመርጪ የተሸከምሽ ለሰው፣*
*ያንቺን ጀርባ ማነው ዞሮ የዳሰሰው።*

*ርግጫሽን ያየ ሰው ዳግመኛ አይጠጋሽ፣*
*ሲደክመው ይመጣል ለምኖ ሊጠራሽ።*

*ስንቱን አድርሰሽው ከደጁ ከቤቱ፣*
*አንቺ ሳትመለሺ መሸብሽ በከንቱ።*

ቀዩ መብራት ከበራ አልጠፋ አለ። በእጄ ምልክት ብሰጣት ጭራሽ ባሰባት። ሲያልቅ «እትዬ፣ ቀዩ ሲበራ እኮ ድምፅሽ ይሰነጠቃል» አልኳት። «ሲያለቅሱ ድምፅ ካልተሰነጠቀ ምኑን አለቀሱት?» አለችኝ።

ከዚያ ዴኩ የቀዳውን አጫወትን። ጎረቤቴ መጀመሪያ ማጉያውን በጥርጣሬ ያየው ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ፣ ሦስተኛው ላይ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሚስቱ በኋላ ሰምታ «ለእናቴ እንዲህ አላለቀሰም» ብላ ሰንበትበት አድርጋ አኮረፈችው። እሱ ግን ከእርሻ በተመለሰ ቁጥር ጎራ እያለ «እስቲ ያቺን ነገር ክፈትልኝ» ማለት ለመደ። ቁጭ ብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይሰማል።

አንድ እንባ ግን ለአክስቴ አልበቃትም። «እሱ ባለቤቷ ነው፤ ባዕድ ሲያለቅስ ልይ» አለች። እኔም የማጉያውን ጉልበት ውጭ ልሞክረው ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ድምፁን እስከ ጥግ አደረስኩት። ቅዳሜ መሆኑ፣ መንገዱም የገበያተኛ መመለሻ መሆኑ አልታወሰኝም።

ገበያተኛው ከቤታችን የአክስቴን ሙሾ ሰማ። አልቃሿ እሷ ከሆነች የሞተችው እሷ አይደለችም ማለት ነው። በዚያ ቤት ሌላ የሚኖር እኔ ነኝ። ስለዚህ የሞትኩት እኔ ነኝ። ደብተራ ቢቀመጥ ከዚህ የተሻለ አይተረጉመውም። ጨውና በርበሬውን አጥር ሥር እያስቀመጠ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ግቢው ሞላ። እኔ ማን ሞቶ ነው ብዬ ደንግጬ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ የነበረችው ሴትዮ ስታየኝ ለቅሶዋን ከማቆም ይልቅ አንድ እርከን ጨመረችበት። ሌላዋ አንገቴን አቅፋ «እግዜር ያጥናህ» አለችኝ፤ በማን እንደምጠና አላወቅሁም።

«ማነው ታዲያ የሞተው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የጎረቤታችን በቅሎ ናት፣ አባባ።»

ሽማግሌው አሰቡ፣ አሰቡና «ያቺ ዳማዋ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «የዋህ ነበረች» ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው ወዲያው አይመለስማ። ንፍሮ ተቀቀለ። አክስቴ በመሀላቸው እየዞረች የማን ዓይን እንደቀላ፣ የማን እንደደረቀ ታይ ነበር። ሲወጡ አንዱ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «ዛሬ ላንተ አልቅሻለሁ፤ የእውነቱ ቀን ባልመጣ እንዳትቀየመኝ» አለኝ።

የአክስቴ የንስሐ አባት መጨረሻ ላይ ፍትሐት ሊፈቱኝ መስቀላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። በቁሜ ሲያዩኝ ባረኩኝ፣ ነገሩን ሲሰሙ ግን ተቆጡ። ሙሾ ለሰውም ቢሆን የተነቀፈ ነው፤ ለእንስሳ፣ ያውም በማሽን! አክስቴን ስግደት አዘዙባት። እሷ ወደ ዴኩ እያመለከተች «አባ፣ እሱስ? እኔ አንዴ ነው ያልኩት፤ ሲደጋግም የዋለው እሱ ነው» አለቻቸው። «እስቲ ምን እንዳለ ልስማው፣ ጥፋቱን ልወቀው» አሉ። ከፈትኩላቸው። ሲያልቅ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና ሌላ ስግደት ሳያዝዙ ሄዱ። አክስቴ «አለፈ» አለች፤ ዴኩን ማለቷ ነው።

በማግስቱ ማይኩ ፊት ተቀመጠች። «ስጀምር ጫነው» አለችኝ። ጣቴን መጫኛው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልጀመረችም። ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «በል ንገረኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሟቿ ምን ዓይነት ሰው ነበረች? ዘመዷ አይደለህ?»

«ደግ ነበርሽ» አልኳት።

«ደግ ለሁሉ ይባላል። ሌላ።»

«ወጥሽ ይጣፍጣል።»

«ይበለኝ፤ እንዲህ ብለህ ልትቀብረኝ ነው ያሳደግሁህ» አለች።

ያኔ ሳላስበው አንድ ነገር አመለጠኝ። «እናቴ የሞተች ዕለት አላለቀስሽም» አልኳት። ሰው በዚህ ሲያማት ኖሯል፤ ለባዕድ ሁሉ አልቅሳ ለገዛ እህቷ ድምፅዋን ነፈገች እየተባለ። እኔ ግን ያን ቀን ጭኗ ላይ ተጋድሜ ነበር። ለቀስተኛው ሲጮኽ እሷ በሁለት እጇ ጆሮዬን ደፍና፣ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣ ነበር። የተኛሁ መስሏታል። አልተኛሁም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት።

አክስቴ አየችኝ፣ ከዚያ ማይኩን አየች። «እሱ አይባልም» አለች። እጇ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ፈለገ። «ለሌላ ሰው ሲሆን ከየት እንደሚመጣልኝ እንጃ። ለራሴ የለም። ቦታውን ክፍት ተውልኝ፤ እንዳትዘጋው።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠች እንጃ። የበቅሎዋ ሙሾ ሲዲው መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ፣ የእሷ ቦታ ክፍቱን ኖረ። በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሳትታመም አረፈች።

ለቅሶዋ ላይ ሰው ግቢውን አልፎ መንገዱን ሞላ፤ ድምፅ ግን የለም። የብልባላ አልቃሾች መጥተዋል፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። በእሷ ፊት ማን ደፍሮ? አንዷ ተነስታ «ደጓ እናታችን» ብላ ጀመረችና የሚቀጥለው ጠፍቶባት ተቀመጠች። ደግ ለሁሉ ይባላል። መብራት ጠፍቷል፣ ዴኩ ጥግ ላይ ደርቆ ቆሟል፤ መብራት ቢኖርስ ምን ላጫውት፣ የበቅሎ ሙሾ? የፈራችው ሁሉ ዓይኔ እያየ ደረሰባት።

ጎረቤቴ ዱላውን ተመርኩዞ ብድግ አለ። አልቅሶ የማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀው ሙሾ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከዴኩ ነው የተማረው።

*ርግጫሽን ያየ ሰው ዳግመኛ አይጠጋሽ፣*
*ሲደክመው ይመጣል ለምኖ ሊጠራሽ፣*

ሲል ሚስቱ ጋቢውን ጎተተች። «አንተ፣ የበቅሎዋ እኮ ነው» አለችው። አልሰማትም። የዚያን ቅዳሜ የነበሩት ሁሉ ስንኙን አውቀውታል። ከወደ ኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ፤ እሷ ያልሰደበችው ማን አለ፣ ሐዘን ሲገባበት ለምኖ ያልጠራትስ? ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። ጎረቤቴ ድምፁ እየተሰነጠቀ ቀጠለ።

*ጭነቱን ሳትመርጪ የተሸከምሽ ለሰው፣*
*ያንቺን ጀርባ ማነው ዞሮ የዳሰሰው።*

ጆሮዬ ላይ የነበሩት እጆቿ ትዝ አሉኝ። ከዚያ በኋላ የራሴን ጩኸት ነው የሰማሁት፤ ያ የዛገ በር። ሴቶቹ ተቀበሉት፣ መንገድ ላይ የነበረው ሕዝብ ተቀበለው፣ የንስሐ አባቷ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆሙ።

ሰልስቷ ባለፈ በማግስቱ መብራት መጣ። ዴኩን ከፈትኩት፣ የበቅሎዋን፣ አሁን የእሷንም ሙሾ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሲያልቅ ጨረስኩ አልኩት፤ ባዶውን ቦታ አሳይቶኝ እንደ ልማዱ «ይዘጋ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።