በሁዳዴ የሰማሁት ኦርጋን

ባለፈው ዐቢይ ጾም የሆነ ነገር ነው። ሚኒባስ በተሳፈርኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ይቆጨኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስነግራት የጻፈችልኝ የልጅ ልጄ ናት።

እግሬ አንድ ቦታ አይቀመጥልኝም፤ ገዳም ለገዳም ስዞር ነው የምኖረው። ያን ቀን ላሊበላ ልሳለም ከኩልመስክ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ጺሙ የሸበተ የከተማ ሰው ተቀምጧል። ለሾፌሩ ፍላሽ አቀበለው።

«ጾም ነው ወንድሜ፣ ዘፈን አልከፍትም» አለው ሾፌሩ።

«ቃል የለበትም፤ ኦርጋን ብቻ ነው።»

ተከፈተ። እኔ ኦርጋን የማውቀው በመዝሙር ካሴት ነው። ቀስ ብሎ ሲያለቅስ፣ ደግሞ መልሶ ሲያባብል፣ የቀበርኳቸው ሁሉ ፊቴ ድቅን አሉ። እንባዬ ወረደ። እጄን ዘርግቼ «አሜን! አሜን!» አልኩ።

«ወደዱት፣ እማማ?» አለኝ ሰውየው።

«የማን መዝሙር ነው፣ ሆዴ? አንጀቴን አራሰው እኮ!»

ደስ አለው። «መዝሙርስ አይደለም። የአሜሪካ ጥቁሮች በሐዘናቸው የሚያንጎራጉሩት ነው፤ ብሉዝና ሶል ይሉታል። እኔ በኦርጋን ተጫውቼ አልበም አደረግሁት። እናቴ ላሊበላ መንኩሳለች። አዝማሪ ሆንክብኝ ብላ ተቀይማኛለች፤ አንድ ቀን ሰምታልኝ አታውቅም። እንደ እርስዎ ብትሰማልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከኋላ የተቀመጠች ሴት ስትሰማ ኖሯል። «እልል በሉ! እማ በሁዳዴ ለዘፈን አሜን አሉ!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። መኪናው በሙሉ አውካካ። ሾፌሩም ዘጋው።

መግቢያ ጠፋኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ «ምነው ልጄ፣ በስተርጅናዬ ጾሜን ታስገድፈኝ?» አልኩት።

«እናቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ» አለ። መንገድ ላይ አንዲት መንደር ስንደርስ «ወራጅ አለ» አለ። ሾፌሩ «ላሊበላ አላልክም እንዴ?» ቢለው «ይቅር» ብሎት ወረደ። ተሻግሮ ወደ መጣንበት የሚመልሰው መኪና ሲጠብቅ በመስኮት አየሁት። ልጠራው አፌን ስከፍት ሚኒባሱ ተነሳ።

ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ሳቁብኝ። «ሙታንሽን አስበሽ ብታለቅሺ ምን ኃጢአት አለው?» አሉኝ። እኔን ግን ያንገበገበኝ የጾሙ ነገር አይደለም። ልጅን ከእናቱ ደጅ መለስኩ። የእናቱን ስም እንኳ አልጠየቅሁትም።

አሁን ላሊበላ ስሄድ መነኮሳይያቱ መሐል ቁጭ እልና «ከእናንተ ኦርጋን የሚጫወት ልጅ ያላት አለች?» እላለሁ። ጃጀች ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ «የኔ ነው» ብትለኝ፣ ሰምቼዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ በይ ልከሽ አስጠሪው እላት ነበር።