ከልደታ ወሊሶ፦ ምድጃዋና የጣውንቴ አረቄ

ማክሰኞ ሲነጋ፣ ልደታ

ከልደታ ማርያም በታች የጭነት መኪናው ቆሞ ያጓራል። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ባሌ ተሰማ እናቱን እማማ ብርቄን አቅፎ አወጣና ከሲሚንቶው ከረጢት ላይ አስቀመጣቸው። እግራቸው ካበጠ ስለከረመ ወሊሶ ፍል ውሃ ልንወስዳቸው ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ጭስ ከታየ የአርበኛ ነው ተብሎ ይተኮሳል። የእማማ ሆድ ደግሞ ከትኩስ አጥሚት በቀር ምንም አይቀበልም፤ ሳይቀምሱ ከዋሉ ይዝላሉ።

ስለዚህ ከጓዛችን ሁሉ የምትበልጠው ትንሿ ምድጃ ናት። ተሰማ የሚሠራለት መሐንዲስ የሰጠው ናት። ከሲኒ ጥቂት ከፍ የምትል የነሐስ ጽዋ ስትሆን አፏ ዙሪያውን የተበሳሳ ነው። አልኮል ይሞላባታል፣ ክብሪት ይጫርባታል፣ ጭስ የላትም።

ምን እንሙላባት የሚለው ነገር ግን ቤታችንን ሲያምሰው ከርሟል። ላምባ ሞከርን፤ ድስቱንም ጣሪያውንም አጠቆረው። ቤንዚን እንዳታስቡት፣ ይፈነዳል ብሎ የጭነት መኪናው ሹፌር አስጠነቀቀን። ሰንጋ ተራ ያለው የጣሊያን ሱቅ ስፒርቶ የሚሉት የሚነድ አልኮል አለው፤ ባለሱቁ ግን ለሐበሻ አልሸጥም አለ። የቀረው አረቄ ነው። ተሰማ ምድጃዋን እያገላበጠ፣ "ከዘነበች ዳግም የሚበልጥ አይገኝም፤ ጠብታ ውሃ የለበትም" አለ።

ዘነበች ከእኔ በፊት ሚስቱ የነበረች ናት። ጌጃ ሰፈር አረቄ ታወጣለች። ዳግም የሚባለው አንዴ ከወጣ በኋላ እንደገና ተጥዶ የሚወጣው ነው። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ስሟን ሲጠራ ድምፁ እንዴት እንደለሰለሰ ብትሰሙት! በቁሜ ነደድኩ። በእሷ እሳት የእኔ ድስት ሊበስል?

እናም እኔው ራሴ ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለች ሴት የማር አረቄ ገዛሁ። ሻጯ እንደ ልማዱ ከሳህን ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት፤ ቦግ አለ። ማር የገባበት አረቄ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ነው፤ ለእንግዳ ያማረ ለምድጃ ያንሳል እንዴ? እየኮራሁ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት።

ረፋድ፣ ሰበታን አልፈን

አለም ገና ላይ ፀሐይ ወጣች። መንገዱ ግማሹ ጠጠር፣ ግማሹ ጭቃ ነው። ድንጋይ የሚፈልጡ የቀን ሠራተኞች ቀና ብለው ያዩናል፤ ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል። ግራና ቀኙ ኑግ አብቦ ቢጫ ሆኗል። ሰበታ ላይ አንዲት እንቁላል ሻጭ የጣሊያን ሊሬ አልቀበልም ብላ አስቸገረችን፤ በመርፌና በክር ለወጥኳት።

ሹፌሩ ከአሥመራ የመጣ ሰው ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝና ነገርኩት። ምድጃ ጣዕም አያውቅም፣ የሚፈልገው ንጹሕ ብቻ ነው አለ። ንጹሕ ማለት የማን እንደሆነ ስለማውቅ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። አዋሽን ስንሻገር እማማ ብርቄ፣ ዘነበች መንገድ አዋቂ እንደነበረች፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ትራስ ትደርብላቸው እንደነበር ለተሰማ ያወሩ ጀመር። የራሴን ነጠላ አጥፌ ከጀርባቸው አደረግሁ። አላዩትም።

ቀትር፣ ቱሉ ቦሎ

ኬላው ላይ አስቆሙን። ወታደሮቹ ጭነቱን አንድ በአንድ እየፈተሹ ነው፤ መቼ እንደምንለቀቅ የሚያውቅ የለም። እማማ ከጧት ጀምሮ አልቀመሱም፤ አንገታቸው መዘንበል ጀምሯል። ከመኪናው ጥላ ሥር ምድጃዋን አውጥቼ የማር አረቄዬን ሞላሁ። ጫርኩ። ሰማያዊ ነደደ፤ የአጥሚቱን ድስት ጣድኩና ተሰማን ቀና ብዬ አየሁት።

ብዙም አልቆየ። ነበልባሉ ቢጫ ሆነ፣ ተንጣጣ፣ የተቃጠለ ማር ሸተተ፣ ጠፋ። ደግሜ ጫርኩ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ እንደ ሬንጅ ጥቁር በሆነ ነገር ተደፍነዋል። አጥሚቱ ለብ እንኳ አላለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔስ የምለቅመውም አልነበረኝ።

ያኔ እማማ ብርቄ ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱና ጠርሙስ አወጡ። "እንኪ" አሉኝ። "ዘነበች ለእግሬ ማሻ የሰጠችኝ ነው። ትናንት አንቺ ስንቅ ስትቋጥሪ መጥታ ነበር።"

በሩን ማን እንደከፈተላት አልጠየቅኩም። ተሰማ ጫማውን እያየ ነበር። የእማማ አንገት በዐይኔ ፊት እየዘነበለ ምን ላድርግ? ሹፌሩ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠረገልኝ፣ በውሃ አጠብኳት፣ የጣውንቴን ዳግም አረቄ በገዛ እጄ ሞላሁባት። ከጥራቱ የተነሳ ነበልባሉ በቀትር ብርሃን አይታይም፤ መንደዱን ያወቅኩት ጣቴን ሲለበልበኝ ነው። አጥሚቱ ወዲያው ተንተከተከ። እማማ በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ኩባያውን በጣታቸው ጠረጉት። ደማቸው ሲመለስ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም በእሷ አረቄ መሆኑ አናደደኝ።

አመሻሽ፣ ወሊሶ

ከፍል ውሃው አጠገብ አንዲት ጎጆ ተከራየን። ጠርሙሱ ግን ባዶ ነው፤ ማገዶ ሳናገኝ ስለመሸ ለማታው አጥሚት የመጨረሻዋን ጠብታ አነደድኳት። እግራቸው የሚታሽበት የለም። ተሰማ፣ "ነገ በዚሁ መኪና ተመልሼ ላምጣ" ሲል በጣም ፈጠነብኝ።

"እኔ እሄዳለሁ" አልኩት።

ለሴት መንገዱ ይከብዳል አለኝ። መንገዱ መክበዱንስ ይከብዳል፣ ያንተ መሄድ ግን ይብሳል አልኩት። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ የሳቁ መሰለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ጌጃ ሰፈር

አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ በሯን አንኳኳሁ። ዘነበች ከገመትኩት አጠር ያለች፣ ዐይኗ በጭስ የቀላ ሴት ናት። ባዶውን ጠርሙስ ሳሳያት በአንድ ቀን እንዴት አለቀ አለችኝ። ምድጃ ላይ እንደነደደ ነገርኳት። እንድትስቅብኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ጠርሙሱን ተቀብላ ቆመች።

"እማማ በሉ?"

"አዎ፣ እስከ መጨረሻው።"

"ካንቺ እጅ?"

"ከእኔ እጅ።"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀዳ ጀመር። "እኔ አንድ ቤት አብሬያቸው ስኖር አረቄ የሚያወጣ እጅ ነው ብለው ከእጄ ቀምሰው አያውቁም" አለች። "አረቄዬን ለእግራቸው ይቀበላሉ። ምግቤን ግን ለጎረቤት ይሰጡታል። አንድ ቀን እንኳ አጥሚቴን አልጠጡም።"

ፈስሶባት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እዚያ ቤት ስሟን እያነሱ ያቃጠሉኝ ሴት ለካ በእኔ ነበር የምትቀናው። ሳላስበው አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጠርሙሱን ወትፋ ሰጠችኝና፣ "አጥሚቱን እንዴት ነው የምትሠሪው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አጃውን በቀስታ እንደምቆላው፣ ከፈጨሁት በኋላም ሁለት ጊዜ እንደምነፋው፣ ቅቤውን መጨረሻ ላይ እንደማደርገው ነገርኳት። የምጨምርበትን ኮረሪማ ግን አልነገርኳትም።